ሰባት ነጥብ ስድስት ሚሊሜትር

ጋሽ ሚሊ ዝናብ የሚለካ ሰው ነበር። መተዳደሪያው እንኳ ግብርና ነው፤ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ የበቆሎ ማሳ አለችው፤ ወገቡን ያጎበጠችውም እሷ ናት። ልቡን የወሰደው ግን ጓሮው ውስጥ የተተከለው የዝናብ መለኪያ ነው። ሲያዩት ምንም አይደለም። የሰው ወገብ የሚደርስ፣ አፉ ክብ የሆነ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ጣሳ አለ፤ ጣሳው ያጠራቀመው ውሃ መስመር ወደተሰመረበት ቀጭን መስታወት ይገለበጣል። በቃ። ይህንኑ ነው እንግዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሚስቱ ቀጥሎ ሲንከባከበው የኖረው። ከሚስቱ አስቀድሞ ነው የሚሉም አልጠፉም።

ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ቢሞት ቢድን፣ ጓሮ ይገባል። መስታወቱን ከዓይኑ ትይዩ ያደርግና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ ያነባል። ውሃ መስታወት ውስጥ ሲገባ ዳር ዳሩ ወደ ላይ ይሳባል፣ መሃሉ ሰርጎድ ይላል። የሚነበበው መሃሉ ነው። ዳሩን ያነበበ ሰው ሰማይ ያልሰጠውን ሰጠ ብሎ ማውራቱ ነው። ባዶ ሲሆን ደግሞ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ብሎ ይጽፋል እንጂ ቦታውን ክፍት አይተወውም። ክፍት ቦታ ሰውየው ተኝቷል ማለት ነው። ዜሮ ግን ሰውየው ነቅቷል፣ የተኛው ሰማዩ ነው ማለት ነው። የጻፈውን ቁጥር ወዲያው በስልኩ ከተማ ላለው ቢሮ ይልከዋል። አንድ ልጁን የዳረ ዕለት እንኳ ሙሽሮቹን ፎቶ አንሺው ፊት ገትሮ ጓሮ ሄዷል። የዚያን ቀን ሁለት ነጥብ አንድ ነበር፤ ሠርጉ የዋለበትን ወር ቢረሳ ይህን አይረሳም።

«ሚሊ» የሚለውን ስም ያወጣለት ጎረቤቱ ወፍጮኛው ነው። ወፍጮኛው አፉ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ሚሊሜትር ስንት ማንኪያ ነው? ለወጥ ይበቃል?» ይለዋል። ጋሽ ሚሊም ቀልድ መሆኑን እያወቀ ቁጭ ብሎ ያስረዳዋል። ሰው ደግሞ መለካትና ማዝነብ አንድ ይመስለዋል መሰለኝ፣ ደግ ዓመት ሲሆን መንገድ ላይ አቅፎ ይስመዋል፤ ክፉ ዓመት ሲሆን ሰላምታው ራሱ ይደርቃል። እሱ ግን ያዝናል እንጂ አይቀየምም። ሰው ከሰማይ ጋር መጣላት ሲያቅተው ቅርቡ ካለው ጋር ይጣላል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ደህና ጀምሮ ነበር። በቆሎው ጉልበት ደረሰ፣ ወገብ አለፈ፣ ጸጉር ማውጣት ሊጀምር ሲል ሰማዩ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። በቆሎ ሲያብብ ውሃ ያጣ እንደሆነ ቆሮቆንዳው ብቻ ያድግና ፍሬ ሳይዝ ይቀራል፤ ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ ቅጠሉ ቀን ቀን እየተጠቀለለ ማታ ማታ ይዘረጋ ነበር። ኋላ ማታም መዘርጋቱን ተወ። ሙቀቱ ከመሬት ላይ እየተርገበገበ ሲነሳ ቤቱም፣ አጥሩም፣ ሰውም ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ይወዛወዛል፤ በሩቅ የሚመጣ ሰው እግሩ ሳይታይ ነው የሚደርሰው። ቀኑን ሁለቴ ይበላ የነበረ ቤት አንዴ መብላት ጀመረ። አንዴ ይበላ የነበረው እንቅልፍ አበዛ፤ የተኛ ሰው አይርበውምና። ከሰዓት በኋላ መንደሩን አቋርጦ ለሚያልፍ ሰው ከየቤቱ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ወፍጮውም የሚፈጭ አጥቶ ዝም አለ፤ ወፍጮኛው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሱሪው ላይ የድሮ ዱቄት ይፈልጋል።

ጋሽ ሚሊ ብቻ የሚያውቀው አንድ ነገር ግን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከቢሮው በሞተር ብስክሌት የምትመጣው ወጣት ተቆጣጣሪ አንድ ደንብ ነግራዋለች። በቆሎ በሚያብብበት ወቅት ሠላሳ ቀን በተከታታይ ደርቆ ከቆየ፣ ለእያንዳንዱ ቤት እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚያደርስ እህልና የሚዘራ ዘር ይላካል። ከሠላሳው ቀን በአንዱ እንኳ አምስት ሚሊሜትር ከዘነበ ግን ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

«አባባ፣ ይህንን ለሰው እንዳይናገሩ» ብላው ነበር። «ሰው ካወቀ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ መለኪያውን የሚከድን ይኖራል። መለኪያው ከተነካ ደግሞ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።»

አልተናገረም። እሱ ምራቁን የዋጠ ሰው ነው፤ አትናገር ያሉትን ለግድግዳም አይናገርም። ለሚስቱም አልነገራትም።

ጭንቁ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ሆኑ። አንደኛው ገበሬው ነው፤ ጣሳውን ሲያነሳ ከብዶት እንዲያገኘው ይለምናል። ሁለተኛው ደንቡን የሚያውቀው ነው፤ አሥር ሆነ፣ አሥራ አምስት ሆነ፣ ሃያ ሆነ እያለ ዜሮ ይለምናል። በቆሎው ላይነሳ ወድቋል፤ አሁን ቢዘንብ ቆሮቆንዳ ከማርጠብ አያልፍም፤ መንደሩን የሚያተርፈው ዜሮው ነው። ይህን አእምሮው ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ ዝናብ ሲለምን የኖረ አንጀቱ ግን አይሆንም አለው። ጣሳው ባዶ ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ደስ ስላለው ያፍራል፤ ያፈረበትን ፊት ይዞ ቤት ይገባል። ሚስቱ የምታየው ያንን ፊት ነው። ሌሊት ሲቃትት የምትሰማውም እሷ ናት።

በሃያ ሰባተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ሕልም አየ። ዝናቡ ከሰማይ አልመጣም፤ ከመንገዱ ማዶ በእግሩ ሲመጣ ነው ያየው። እንደ እንግዳ እየቆመ፣ በየበሩ እያንኳኳ ይገባል፤ የተኛውን ሰው ግንባር ይዳስስና ይወጣል። ወፍጮ ቤቱ ገባ፤ ወፍጮው ውስጥ ሆኖ ትንሽ ጎርደድ ጎርደድ አለ። ከዚያ የጋሽ ሚሊ ጣሪያ ላይ ወጣና ቆርቆሮውን በጣቱ ጫፍ ይመታው ጀመር፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ ጆሮ የሚያደነቁር ሆነ። የሞተች እናቱ በሩ ላይ ቆማ እጇን ወደ ውጭ ዘርግታለች። «ስንት ነው?» አለችው። ሊነግራት አፉን ሲከፍት ነቃ።

ሲነቃ የጣሪያው ድምፅ ጆሮው ውስጥ አለ። ሚስቱ ከአጠገቡ ተነስታ ሄዳለች፤ ጸሐይ በሩ ሥር በቀጭኑ ገብታለች። ሰዓቱ እስኪደርስ ጠበቀና ጓሮ ወጣ። ጣሳውን ሲያነሳው ከበደው። ቀጥ ብሎ ቆመ። ነቅነቅ ሲያደርገው ውስጡ ያለው ውሃ ተንቦጫቦጨ።

መሬቱን አየ፤ አቧራ ነው። አጥሩን ነካ፤ ደረቅ ነው። ግን እኮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰውን «ዓይን ይስታል፣ መለኪያ አይስትም» እያለ ሲመክር የኖረው እሱ ራሱ ነው። መሬቱ ተጠምቶ ስለነበር ወዲያው ጠጥቶት ነው አለ። ደመናው እዚህ ጓሮ ላይ ብቻ አልፎ ይሆናል አለ። እንዲህ ሲል ጣሪያው ላይ የሰማው ድምፅ ከጆሮው አልወጣም ነበር፤ በሕልም ይሁን በውን መለየት አልቻለም፤ እውነቱን ለመናገር መለየትም አልፈለገም። ውሃውን ገለበጠ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ መሃሉን አነበበ። ሰባት ነጥብ ስድስት። ጻፈ፤ ላከ።

የላከው ከስልኩ ከወጣ በኋላ ነው ሁለተኛው ሰው የነቃው። ሃያ ስድስት ዜሮ፣ ሃያ ስድስት የመከራ ቀን፣ በአንድ መልእክት ተደምስሶ ቆጠራው አንድ ገባ።

ወደ ማሳው ሮጠ። በእጁ እስከ ክንዱ ድረስ ቆፈረ፤ የወጣለት ትኩስ አቧራ ነው። ሲመለስ ወፍጮኛው በረንዳው ላይ አገኘው።

«ዛሬ ሌሊት ዘንቦ ነበር?» አለው ጋሽ ሚሊ።

«ዘንቦ?»

«ትንሽ ጠብ አላለም?»

ወፍጮኛው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ጋሼ፣ በሬ ወለደ ብትለኝ ይሻለኛል» አለው። ሊስቅ አስቦ ነበር፤ የጋሽ ሚሊን ፊት ሲያይ ግን ተወው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ፈገግ ብላለች። እንዲህ ፈገግ ካለች ሳምንታት አልፈዋል። ከንፈሯ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እህሳ፣ ዛሬስ?» አለችው።

ያን ጊዜ ገባው።

«አንቺ ነሽ?»

ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ። ልትክድ ፈለገች፤ አልሆነላትም፤ ውሸት ለምዳ አታውቅም።

«አንድ ብርጭቆ ናት» አለች። «የጠዋት ድርሻዬን ነው። ካንተ አልቀነስኩም፤ ከማንም አልወሰድኩም።» የመንደሩ ሴቶች ለአንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ቀን ነው የሚሰለፉት። «ሌሊት ሌሊት ስትቃትት እሰማሃለሁ። ጠዋት ከዚያ ቆርቆሮ ስትመለስ ፊትህን ማየት አቃተኝ። ዝናብ ማዝነብ አልችል ነገር! አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎህ ብትገባ ብዬ ነው። ምን ይጎዳል ብዬ።»

ጋሽ ሚሊ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ደንቡን ነገራት። ስለ ሠላሳው ቀን፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ አምስት ሚሊሜትሩ። እየነገራት ፊቷ አመድ መሰለ። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለሰው አትናገር ተባልኩ።»

«ለሰው አትናገር ነው ያሉህ» አለች። «እኔ ላንተ ሰው ነኝ እንዴ?»

ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ አንጀቱን የቆረጠው ነገር የለም። ሁለቱም ጥፋተኛ ነበሩ፤ ሁለቱም ለደግ ብለው ነበር፤ መንደሩ ደግሞ ይህንን አያውቅም፣ ተኝቷል።

በማግስቱ መለኪያውን አንብቦ፣ ዜሮውን ልኮ፣ በጭነት መኪና ጀርባ ተፈናጦ ከተማ ገባ። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል፤ ካርታው ላይ ብዙ ትንንሽ አረንጓዴ መርፌዎች ተሰክተዋል። አሮጌ የአየር ማራገቢያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት እያነሳ ይጥለዋል። ተቆጣጣሪዋ ስታየው ተነስታ ወንበር ሳበችለት።

«አባባ፣ ምን እግር ጣለዎት? ደግሞ እንኳን ደስ አለዎት፤ ሰባት ነጥብ ስድስት አገኙ።»

«አልዘነበም፣ ልጄ» አላት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ተነስታ በሩን ዘጋችና ተመለሰች። ስትናገር ድምፅዋን ቀነሰች።

«እንግዲህ በደንብ ያዳምጡኝ። መለኪያውን ሰው ነክቶት ከሆነ የዓመቱ መዝገብ በሙሉ ይሰረዛል። የነካው ማንም ይሁን፣ ለምንም ይሁን፣ እህል የሚባል ነገር አይመጣም። አንባቢው ተሳስቶ ከሆነ ግን የአንድ ቀን ቁጥር ብቻ ይታረማል። አንባቢው ከዚያ በኋላ አያነብም፤ መለኪያውም ወደ ሌላ ሰው ይዛወራል። የቱ ነው?»

ጋሽ ሚሊ ካርታውን አየ። ከእነዚያ መርፌዎች አንዷ እሱ ናት። ዕድሜውን ሙሉ የትም አገር ሄዶ አያውቅም፤ እዚህ ግድግዳ ላይ ግን ነበር። እዚህ የሚቀመጡ ሰዎች ሰማዩ ምን እንዳደረገ ለማወቅ እሱን ይጠይቁት ነበር። እውነቱን ነው፣ ከምንም በላይ የሚኮራበት ይህ ነበር። አሁን እጁን ዘርግቶ ራሱ ሊነቅለው ነው።

«ሕልም አይቼ ነው» አለ።

«ምን?»

«በሕልሜ ዘነበ። ተነስቼ ጻፍኩት።»

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ከነነጥቡ? ሰባት ነጥብ ስድስት?»

«እንግዲህ የኔ ሕልም ጠንቃቃ ነው፣ ልጄ።»

ልትስቅ ነው ሲል ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሞኝ አይደለችም፤ ጣሳ ውስጥ ውሃ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ታውቃለች። ቢሆንም ወረቀቱን ስባ «የንባብ ስህተት» ብላ ጻፈች። «ደንቡ ከቤተሰብ አንድ ምስክር ይጠይቃል» አለችው። «እህሉ ሲመጣ በሕዝብ ፊት ነው የሚፈረመው። እማማን ያዘጋጇቸው።»

እማማን ማዘጋጀት እንዲህ በአፍ እንደሚባለው ቀላል አልነበረም። «በሰው ፊት እብድ ሲሉህ ቆሜ አላይም!» አለች። «እኔ ነኝ ያፈሰስኩት፣ እኔው እናገራለሁ።» እሱ አልተቆጣትም። ብትናገር ምን እንደሚሆን ነገራት፤ የእያንዳንዱን ቤት ስም እየጠራ፣ በየቤቱ ስንት አፍ እንዳለ እየቆጠረ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች፤ እሺም እምቢም አላለችም።

መለኪያው ወደ ሌላ ሰው እስኪዛወር የመጨረሻዎቹን ዜሮዎች እሱው አነበበ። ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። ቢሮ መቼም ቢሮ ነውና መኪናው ወዲያው አልመጣም፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። በእነዚያ ቀናት ወሬው ከየት እንደሾለከ ሳይታወቅ መንደሩን ሞላው፤ ጋሽ ሚሊ ሕልሙን እውነት ብሎ ላከ፣ ለጥቂት ጉድ ሊሠራን ነበር ተባለ። የሚስቁ ነበሩ፤ የተናደዱም ነበሩ። ጤነኛ ነው አይደለም ብለው የተከራከሩም አሉ።

መኪናው ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። ተኝቶ የነበረው መንደር ዓይኑን እያሸ ወጣ። የሁሉም ልብስ ሰፍቶታል፤ ሕፃናቱ ያለ ድምፅ ነው የቆሙት። ሸራው አልተፈታም። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷን ይዛ ፊት ለፊት ወጣች።

«ከማውረዳችን በፊት አንድ ፊርማ ይቀረናል» አለች። «እማማ፣ ወደዚህ ይምጡ።»

የጋሽ ሚሊ ሚስት ወጣች። ጋሽ ሚሊ ከኋላ ቆሟል፤ ምን እንደምትል አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን ፈራት።

«እማማ፣ መለኪያውን ከእሳቸው በቀር የነካው ሰው አለ?»

ሴትየዋ መኪናውን አየች። ሰዉን አየች፤ አንድ በአንድ፣ ባሏ ስማቸውን እንደጠራላት። ሰዉም ያያታል። አንድ ሕፃን ሳለ።

«የለም» አለች።

«አባባ የሌለ ነገር የማየት ጠባይ አላቸው?»

«አዎ» አለች።

«ምን ያያሉ?»

«ዝናብ።»

ሰዉ ሳቀ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር፤ ወፍጮኛው ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። ክፋት የለበትም፤ እህሉን አይተው ነፍሳቸው ስለተመለሰ ነው። ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም። ወረቀቱን አቀረበችላት። ሴትየዋ እስክሪብቶውን ይዛ አልፈረመችም፤ ቀና አለችና ሳቁ በረድ እስኪል ጠበቀች።

«ዝናብ ብቻ ነው» አለች ጮክ ብላ፤ እንባዋ መውረድ ጀምሯል። «ሌላውን ሁሉ ልክ ያያል። ይህንንም ጻፊልኝ፣ ልጄ። ሌላውን ሁሉ ልክ ነው የሚያየው።»

ተቆጣጣሪዋ ጻፈችላት። ከዚያ ሴትየዋ ፈረመች። ሰዉን ሰንጥቃ ወጥታ፣ ባሏ ካለበት ሄዳ ከጎኑ ቆመች፤ እጁንም በሰው ሁሉ ፊት ያዘችው። ጋሽ ሚሊ አለቀሰ። መኪናው ላይ ያሉት ሸራውን ፈቱ፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰልፍ ያዙ።